ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና ሐኪም ፍለጋ

ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ ስለሚደረገው ቀዶ ጥገና በከተማችን መወራት ከጀመረ ሰንብቷል። በቢሮ የሻይ ሰዓት፣ በዕድር ስብሰባ፣ በጸጉር ሥራ ቤት ሳይቀር «እገሊት እኮ ጨጓራዋን አስቀንሳ መጣች» ሲባል እንሰማለን። ስለ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ግን የሚያወራ የለም። የመጀመሪያው ያልሠራላት፣ ወይም ለጥቂት ዓመታት ሠርቶ ኋላ ክብደቱ የተመለሰባት፣ አለዚያም ክብደቱ ቀንሶ ሌላ ሕመም ያተረፈባት ሴት ነገሩን ለራሷ ብቻ ይዛ ትቀመጣለች። ታፍራለችና። በመጀመሪያው ጊዜ ያደነቃት ሰው ሁሉ በሁለተኛው ጊዜ የሚለው አንድ ቃል ብቻ እንደሆነ ታውቃለች፦ «በላች»።

ዛሬ ከእናንተ ከአንባቢዎቼ ጋር ለመወያየት የፈለግሁት ስለዚህ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና፣ ይልቁንም ሐኪሙን ስለ መምረጥ ነው። ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። ታላቅ እኅቴ ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ሐኪም ስትፈልግ አብሬአት ዞሬአለሁ፤ በሥራዬም ልማድ የማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ስጠይቅና ስጽፍ ከርሜአለሁ። ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለች። ሌላውን ግን «ለአንዷ እንኳ ይጠቅም እንደሆነ ጻፊው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

እኔ እታለም እላታለሁ። አርባ አምስት ዓመቷ ነው። በአንድ ባንክ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራች፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ክብደቷ 118 ኪሎ ደርሶ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት፣ ስኳሯም ከፍ ማለት ሲጀምር፣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ ውጭ አገር ሄዳ ጨጓራዋን አስቀነሰች። በዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ 38 ኪሎ ቀነሰች። ስኳሯም ወረደላት። ከአራተኛው ዓመት በኋላ ግን ክብደቱ ቀስ እያለ ይመለስ ጀመር። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችላው ትኖር ነበር። የባሰባት ቃሩ ነው። ሌሊት ሌሊት አሲዱ እስከ ጉሮሮዋ እየወጣ ያስላታል፤ በሦስት ትራስ ተደግፋ ካልሆነ አትተኛም። ጠዋት ቢሮ ስትገባ ድምፅዋ የጎረነነ ነው። የሥራ ጓደኞቿ ጉንፋን ይመስላቸዋል።

በአገራችን ውፍረት ለረጅም ዘመን የምቾት ምልክት ሆኖ መኖሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ተመችቶሻል» ማለት ምስጋና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል ከመቶ ስምንቱ ከሚገባው በላይ ክብደት ነበራቸው፤ በከተሞች ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጣ የምትውል፣ በታክሲ ሄዳ በታክሲ የምትመለስ፣ ቁርሷን ዳቦ በሻይ አድርጋ እራቷን ከልጆች በኋላ በሦስት ሰዓት የምትበላ ሠራተኛ እናት ብትወፍር የሚያስገርም አይደለም። ይኸው ኅብረተሰብ ትናንት «ተመችቶሻል» ሲላት የነበረችውን ሴት ዛሬ «ራስሽን ጣልሽ» ይላታል።

ወደ ቀዶ ጥገናው ልመለስ። እኅቴ የተደረገላት በሐኪሞች ዘንድ «ስሊቭ» ማለትም እጅጌ የሚባለው ነው። ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጠው በቁመቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረውም በጥቃቅን የብረት ስፌት ተዘግቶ እንደ ሙዝ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ሌላው «ባይፓስ» ነው። በዚህኛው ከጨጓራው የላይኛው ጫፍ ላይ እንቁላል የምታህል ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ትገናኛለች፤ ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ የተባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ሦስተኛው በጨጓራው አንገት ላይ የሲሊኮን ቀለበት ማሰር ነበር። ይህ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈቅዶ ብዙ ሰው ካደረገው በኋላ ቀለበቱ እየተንሸራተተ፣ እየቦረቦረም ስላስቸገረ ዛሬ ብዙዎቹ ሐኪሞች ከማሰር ይልቅ ሲያወጡ ነው የሚታዩት።

ሁለተኛ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልጋት ሴት እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ያልሆነላት ናት። ያልሆነላት ለምን እንደሆነ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዷ ጨጓራ መጀመሪያውኑ በሚገባ አልተቀነሰ ይሆናል። የሌላዋ በዓመታት ብዛት ሰፍቶ ይሆናል። አንዷ ክብደት የሚጨምር መድኃኒት ትወስድ ይሆናል፤ ሌላዋ የታይሮይድ እጢዋ ታሞ ይሆናል። ጠንካራ ምግብ አልወርድ ሲላት ጭማቂና ኬክ የለመደችም አለች። ሰውነት ራሱም ቀላል ተቃዋሚ አይደለም፤ ክብደት ሲቀንስበት ረኃብን ያበዛል፣ የሚያቃጥለውንም ኃይል ይቆጥባል። እንደ እኅቴ ቃር የበረታባትስ? በፊንላንድ 240 ሰዎችን አሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። በዚህ ጥናት የምግብ ቧንቧቸው በአሲድ ተቃጥሎ የተገኙት ስሊቭ ከተደረገላቸው ከመቶ 31 ሲሆኑ፣ ባይፓስ ከተደረገላቸው ግን ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የእታለም ሌሊት ሌሊት ማሳል የእሷ ጥፋት እንዳልሆነ ይህን ቁጥር ሳነብላት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽዋን ረዘም አድርጋ አወጣች።

መጀመሪያ የሄድነው እዚሁ አዲስ አበባ ወዳሉ አንድ የታወቁ ሐኪም ዘንድ ነው። ወረፋው ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ምርመራው ስምንት ደቂቃ። ሐኪሙ በዕድሜ የበሰሉ፣ በሥራቸውም የተመሰገኑ ናቸው። እኅቴ ታሪኳን ገና ስትጀምር አቋረጧትና «እኅቴ፣ አፍሽን መቆጣጠር አቅቶሻል ማለት ነው» አሏት። የምትተኛው በስንት ትራስ እንደሆነ አልጠየቋት። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ወረቀት እንዳለ አልጠየቁም። ከዚያ «ካሰብሽበት ባይፓስ እናደርግልሻለን» ብለው የዋጋ ዝርዝር ከጸሐፊዋ እንድንወስድ አዘዙን።

ታክሲ ውስጥ እኅቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን የዚያን ዕለት በደብተሬ ላይ ያሰፈርሁትን ልንገራችሁ። ሕመምተኛዋን የሚወቅስ ሐኪም ጨዋነት የጎደለው ብቻ ቢሆን ችለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ምክንያቱን ገና ሳይመረምር ያወቀ የመሰለው ሐኪም ሊመረምር አይነሣም። ነገ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሆዴን አመመኝ ብላ ብትደውልለትም «ምን በላሽ?» ነው የሚላት። ለሁለተኛ ጊዜ የምትቀደድ ሴት ደግሞ ስልኳን በቁም ነገር የሚያነሣላት ሰው ከማንም የበለጠ ያስፈልጋታል።

ሁለተኛው ሐኪም አልነበረም፤ ደላላ ነበር። በመሥሪያ ቤቷ ያለች አንዲት ሴት ያገናኘቻት ሰው ነው። ውጭ አገር ካለ ሆስፒታል ጋር እንደሚሠራ ነገራት። የአውሮፕላን ቲኬት፣ አምስት ሌሊት ሆቴል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበል መኪና፣ ቀዶ ጥገናው ራሱ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ሌላ ሴት ይዛ ከመጣች ደግሞ ቅናሽ አለ! እኔ እንኳ ከዚህ በፊት በቅናሽ የሚሸጥ ምንጣፍ አይቼ አውቃለሁ እንጂ በቅናሽ የሚቀደድ ሆድ ሰምቼ አላውቅም። «ምን ዓይነት ቀዶ ጥገና ነው የሚያደርጉላት?» ብዬ ስጠይቀው «ሰፍቶ ስለሆነ እንደገና ያጠቡታል፤ ቀላል ነው» አለኝ። የሐኪሙን ስም ስጠይቀው ሆስፒታሉ ሲደርሱ እንደሚመደብ ነገረኝ።

ዋጋው ከሌላው ሁሉ ረከስ ያለ ስለነበረ እታለም ልቧ ወደዚያ ሄዶ ነበር። አትፍረዱባት። የትልቁ ልጅዋ የዩኒቨርሲቲ ወጪ አለ፤ ባለቤቷም «ለሁለተኛ ጊዜ በልጆቹ ገንዘብ?» ብሎ አንድ ጊዜ የወረወረው ቃል ውስጧ ቀርቷል። በዚያ ሰሞን በቤታቸው እራት ላይ ስለ ገንዘብ ሲነሣ ሁሉም ዓይኑን ከሳህኑ አያነሣም ነበር።

በዚህ መካከል ሜሪላንድ ለምትኖር የአክስታችን ልጅ ደወልን። በሆስፒታል ነርስ ናት። ምክሯ አጭር ነበር። በአሜሪካ ይህን ሕክምና ለሚሰጡ ሆስፒታሎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ የሐኪሞች ማኅበራት ፕሮግራም አለ፤ ሙሉውን ማረጋገጫ ለማግኘት አንድ ማዕከል በዓመት ቢያንስ 50 እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ማድረግ አለበት፤ የታካሚዎቹንም ውጤት መዝግቦ ማቅረብ ግዴታው ነው አለችን። «እናንተም የምትሄዱበት አገር ምንም ቢሆን ብዛቱንና መዝገቡን ጠይቁ። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ስንት እንደሠራ ለይታችሁ ጠይቁ፤ የመጀመሪያ የሚሠራ ሁሉ ሁለተኛ አይሠራም» ብላ ደጋግማ አሳሰበችን።

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ዋና ነገር ናት። አንድ ጊዜ ተቀዶ የዳነ ሆድ ውስጡ በጠባሳ የተያያዘ ነው። ጉበቱ ከጨጓራው፣ ጨጓራው ከአንጀቱ ጋር ይጣበቃል። የደሙ መንገድ ተለውጧል። ለዚህም ነው ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይልቅ የሚረዝመው፣ ስፌት የመልቀቁና ደም የመፍሰሱ አደጋ የሚበዛው፤ የሚቀነሰውም ክብደት ዘወትር ከመጀመሪያው ያንሳል። ጨርቅ ሰፊ ቤት ያሉ እኅቶቼ ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፤ አዲስ ጨርቅ መስፋትና የተሰፋ ፈትቶ ማስተካከል አንድ ሥራ አይደለም።

የሐኪም እጅ ከሐኪም እጅ እንደሚለያይ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አንድ ጥናት በግልጽ ታይቷል። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ሃያ ሐኪሞች ባይፓስ ሲሠሩ የተቀረፁበትን ፊልም በፈቃዳቸው ሰጡ። ፊልሙን ስማቸውን ሳያውቁ የሙያ ጓደኞቻቸው ተመልክተው በእጃቸው ብልኅነት ነጥብ ሰጧቸው። ከዚያ የታካሚዎቻቸው መዝገብ ሲታይ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ባገኙት ሐኪሞች እጅ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ችግር የደረሰባቸው ሰዎች ከመቶ 14.5 ሲሆኑ፣ ከፍተኛ ነጥብ ባገኙት እጅ ግን ከመቶ 5.2 ብቻ ነበሩ። ሁሉም ዲፕሎማ አላቸው፤ ሁሉም ነጭ ካፖርት ለብሰዋል። እኔና እናንተ ፊልሙን አይተን አንፈርድም። ነገር ግን ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ጥምጥሙን ብቻ አይተን እንዳንመለስ።

ሦስተኛውን ሐኪም ያገኘነው በአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ምክር ነው። እኚህ የውስጥ ደዌ ሐኪም እታለምን ለስኳሯ ለዓመታት የተከታተሏት ሴት ናቸው። ሕንድ አገር የሚሠራ፣ ከዚህ የሄዱ ሕመምተኞቻቸውን የተቀበለና ከተመለሱም በኋላ ደብዳቤያቸውን የሚመልስ ሰው እንዳለ ነገሩን። ቀጠሮው በስልክ ምስል ነበር። እኅቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለፎቶግራፍ እንደምትቀርብ ሆና ተቀመጠች።

ሐኪሙ ከሰላምታ በኋላ የጠየቋት የመጀመሪያ ነገር የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ዝርዝር መዝገብ የት እንዳለ ነው። የመውጫ ወረቀቱን ሳይሆን፣ ሐኪሙ ምን ያህል እንደቆረጠ፣ በምን እንደሰፋ፣ ሲገባ ምን እንዳገኘ የጻፈበትን ማለታቸው ነው። እኅቴ አልነበራትም። «እሱን እስኪያገኙ ምንም አንወስንም» አሉ። እናንተም እህቶቼ ማንኛውንም ቀዶ ጥገና ስታደርጉ ይህን ወረቀት ጠይቃችሁ በቤታችሁ አስቀምጡ። እኛ ከዚያ ሆስፒታል ለማግኘት አራት ደብዳቤና ሰባት ሳምንት ፈጅቶብናል።

ቀጥለው ስለ እንቅልፏ ጠየቋት። ስለ ትራሱ። ስለ ሳሉ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ለወገቧ አልፎ አልፎ የምትወጋውን ዳይክሎፌናክ ሳይቀር አስቆጠሯት። ባይፓስ ካደረገች በኋላ እንዲህ ያለው የሕመም ማስታገሻ አዲሱን መገናኛ ስለሚያቆስለው ፈጽሞ እንደማይፈቀድላት በዚያው ነገሯት። በመጨረሻ «ይጾማሉ?» ብለው ጠየቋት። እኅቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቃት ሐኪም አልነበረም። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በማይበላበት ወራት ቫይታሚን ቢ 12 ከምግብ አይገኝም፤ ባይፓስ ደግሞ ይህንኑ ቫይታሚን፣ ብረትና ካልሲየም ወደ ደም መግባቱን ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ደም ማነስና የነርቭ ሕመም ይመጣል። «መጾምዎን እንዲተዉ አልጠይቅም፤ ነገር ግን እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ ክኒኑንና የደም ምርመራውን እንደማይተዉ ቃል ይግቡልኝ» አሏት።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ሆነና ደብተሬን ገለጥሁ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ከስሊቭ ወደ ባይፓስ የለወጡት ስንት ሰው እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ከመዝገባቸው አይተው መለሱ። ስፌት የለቀቀበት ሰው እንዳለ ጠየቅሁ። «ሁለት» አሉ፤ አንደኛዋ ሆስፒታል ስድስት ሳምንት እንደተኛች፣ በምን እንዳወቁባትና ምን እንዳደረጉላት ሳይሸፋፍኑ ተረኩልን። ምንም ችግር ደርሶብኝ አያውቅም የሚል ሐኪም ወይ ጥቂት ሠርቷል፣ ወይ አልቆጠረም፤ እንዲህ ያለውን ሰው አትመኑ። ማታ ቢብስባት ማን እንዳለ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በዚያው ሕንፃ መሆን አለመሆኑን፣ ሌሊት ኢንዶስኮፒ የሚሠራ ሐኪም መኖሩንም ጠየቅሁ። አልተቆጡም።

የደላላውን ምክር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨጓራውን እንደገና ማጥበብ ቃር ለሌላት፣ በእርግጥም ለሰፋባት ሴት አንዳንድ ጊዜ የሚደረግ ነው። ቃር ላለባት ግን ቱቦው ሲጠብ በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚበረታ አሲዱን ይብስ ወደ ላይ ይገፋዋል። እታለም በዚያ ቅናሽ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ገንዘቧን ከፍላ ሕመሟን አጥብቃ ትመለስ ነበር ማለት ነው። ይህን ስትሰማ እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

አምስት ሌሊት ሆቴል ስለሚለውም ነገር አንድ ቃል ልጨምር። የስፌት መልቀቅ ሁልጊዜ በማግስቱ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ነው የሚታየው። ረጅም የአውሮፕላን ጉዞም በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ምክንያት ይሆናል። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት ሳትቆይ እንደማይለቋት ነገሯት። የልብ ትርታ መፍጠን፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ከተሰማት በዚያው ሰዓት እንጂ «ጠዋት ይሁን» ሳትል ሆስፒታል መግባት እንዳለባት እኔንም አስጠኑኝ። የልቡ ትርታ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይናገራል አሉ።

በቅርብ ዓመታት የመጡት የክብደት መቀነሻ መርፌዎችም ሳይነሡ አልቀሩም። ሴማግሉታይድ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2021፣ ቲርዜፓታይድ የተባለው በ2023 በአሜሪካ ለዚሁ ተግባር ተፈቅደዋል። ክብደት ብቻ ለተመለሰባት ሴት ከሁለተኛ ቢላዋ በፊት መርፌውን መሞከር አስተዋይነት እንደሆነ ሐኪሙ በግልጽ ነገሩን፤ ሥራቸው መቅደድ የሆነ ሰው ይህን ሲናገር መስማት ያስደስታል። ጉድለቱ መርፌው ሲቆም ክብደቱ መመለሱ ነው። በሴማግሉታይድ ላይ በተደረገ አንድ ጥናት ሰዎቹ ባቆሙ በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን መልሰው ጨምረዋል። ለእታለም ደግሞ መርፌው ጨጓራዋ ቶሎ እንዳይጎድል ስለሚያደርግ ቃሯን ሊያብስባት ይችላል።

ኢንዶስኮፒውንና ባሪየም ጠጥታ የምትነሣውን ራጅ እዚሁ አደረገች። የጨጓራዋ ጫፍ ሆድንና ደረትን በሚለየው ጡንቻ ቀዳዳ በኩል ወደ ደረቷ ሾልኳል። የምግብ ቧንቧዋ ታችኛው ክፍል ተቃጥሏል። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ተገኝቶባት መድኃኒቱን ጨርሳለች። ደሟ አንሷል፤ ብረት እየወሰደች ነው። ጨጓራዋ ደግሞ ብዙም አልሰፋም ነበር። «በላሽ» ያሏት ሁሉ ይህን ራጅ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ባለቤቷ አይቶታል። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ከቆየ በኋላ የትራሱን ነገር ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። «አንተ እኮ አጠገቤ ነው የምትተኛው» አለችው። ከዚያ በኋላ የገንዘቡ ወሬ በሌላ ቃና ሆነ፤ የመኪናው መሸጥም በእሱ አፍ ነው የተነሣው።

ለወጣት እናቶች ደግሞ ይህን ልጥቀስ። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና በኋላ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል እርግዝና እንዲቆይ ሐኪሞች ይመክራሉ። ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ ባይፓስ ያደረገች ሴት ደግሞ በአፍ የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ በሚገባ ላይሠራላት ስለሚችል ሌላ ዘዴ መምረጥ ይኖርባታል። መጠጥም ቢሆን እንደ ዱሮው አይሆንም፤ አንድ ብርሌ ጠጅ ቶሎ ወደ ደም ገብቶ ያሰክራል። ይህን ሳይነግራችሁ የሚያሰናብታችሁ ሐኪም ካለ እናንተ ጠይቁት።

ቀዶ ጥገናው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት ነው። እስከዚያ አምስት ኪሎ ያህል ቀንሳ ጉበቷ እንዲሳሳ፣ ደሟም እንዲሞላ ታዝዛለች። ከተመለሰች በኋላ የሚከታተሏት እኒያው የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው፤ ሁለቱ ሐኪሞች አስቀድመው ተጻጽፈዋል። እኔ የዓመት ፈቃዴን ለዚያ ጊዜ አስቀምጬአለሁ። ማብሰያ ያለው ክፍል በሆስፒታሉ አቅራቢያ ተከራይተናል።

ባለፈው ሳምንት የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምን ዓይነት ፈሳሽ መውሰድ እንደለመደች እታለምን ጠየቀቻት። «አጥሚት» አለች። ባለሙያዋ አጥሚት ምን እንደሆነ ስላላወቀች እስከነአሠራሩ እንድንጽፍላት ለመነችን። እናታችንን ጠይቀን የአጃውን ዱቄት፣ የውኃውን ልክ፣ በእሳት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ሳይቀር ጽፈን ላክን። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ በደንብ ይቅጠን፣ በጥሩ ወንፊት ይጠለል፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ማርና ስኳር ግን አይግባበት፣ ከባይፓስ በኋላ ጣፋጭ ነገር ልብ ያስመታል፣ ያልባል ይላል። እናታችን ይህን ስታነብ «ማር የሌለው አጥሚት ለአራስ ሰጥቼ አላውቅም» ብላ ተቆጣች። አጃውን ግን ለቅማ አስፈጭታ፣ በሁለት ላስቲክ አሥራ አስቀምጣለች።